ተልባው ያብርድልሽ፣ ባክቴሪያውን ግን ለመድኃኒቱ ተዪው

ጥያቄው ከአዳማ የተላከ ነው። ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ዶክተር፣ 31 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጨጓራ ማሰቃየት ከጀመረኝ ሁለት ዓመት አለፈ። አምና በደም ምርመራ ባክቴሪያ አለብሽ ተብዬ የ14 ቀን መድኃኒት ታዘዘልኝ። አፌን መራራ አደረገው፣ አቅለሸለሸኝ፣ ሻል ሲለኝ በሳምንቱ አቆምኩት። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰብኝ። በቅርቡ ደግሜ ደም ስሰጥ አሁንም አለብሽ አሉኝ። ኬሚካል ሰለቸኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ተልባ እጠጣለሁ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር በባዶ ሆዴ እውጣለሁ፣ ጥቁር አዝሙድም ጀምሬያለሁ። ጎረቤቴ ደግሞ ኮሶ ጠጪና ሁሉንም ጠርጎ ያውጣልሽ ትለኛለች። ወገቤን ሲያመኝ ከምውጣት ዲክሎፌናክ በቀር ሌላ መድኃኒት አልወስድም። ባክቴሪያውን ከሥሩ የሚነቅል የተፈጥሮ መድኃኒት የቱ ነው?»

የለም። ኤች ፓይሎሪን፣ ማለትም አለብሽ የተባልሽውን የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ብቻውን ከጨጓራ ነቅሎ እንደሚያወጣ በሰው ላይ ተፈትኖ የተረጋገጠ ቅጠል፣ ፍሬም ሆነ ሥር እስካሁን የለም። አለ የሚልሽ ሰው ወይ በቅንነት ተሳስቷል ወይ የሚሸጠው ነገር አለው። ይህ ማለት ግን ተልባሽን ድፊው ማለት አይደለም። እሱ ሥራ አለው፣ ሥራው ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ባክቴሪያው አይደለም። እንደ ዋዛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሻት ዲክሎፌናክ ናት።

የጨጓራ ግድግዳ ራሱን ከራሱ አሲድ የሚጠብቅበት ንፍጥ መሰል ሽፋን አለው። ሽፋኑ እንዲመረትና እንዲታደስ የሚያደርግ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ሰውነታችን ውስጥ አለ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን የወገብሽን ሕመም የሚያስታግሱት ይህንኑ ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። ወገብሽ ላይ ሲቀንሱት ጨጓራሽም ላይ ይቀንሱታል። እና አንቺ ጠዋት ተልባ ጠጥተሽ ሽፋኑን ስታለሰልሺ፣ ከሰዓት በዲክሎፌናክ መልሰሽ ትገፍፊዋለሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልለቀቀሽ ለምን እንደሆነ ሌላ ምክንያት ከመፈለግሽ በፊት እዚህ ጋ ቁሚ። ባክቴሪያው ካለ ደግሞ ሁለቱ ሲገናኙ ቁስል የማምጣት ዕድላቸው ለየብቻ ከሚያመጡት በጣም ይበልጣል።

«መርፌውን ብወጋ ይሻላል፣ ጨጓራ አይነካም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ስህተት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ክኒኑ ጨጓራ ውስጥ ስላረፈ ብቻ አይደለም፣ መድኃኒቱ በደም ዞሮ ስለሚሠራ ነው። በመርፌም፣ በእንክብልም፣ በፊንጢጣ በሚገባውም ያው ነው። ከምግብ በኋላ መዋጡ ማቅለሽለሹን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ከቁስል አያድንም። ለወገብሽ ፓራሲታሞል ተጠቀሚ፣ ከመጠኑ ሳታልፊ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም በላይ፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ አይወሰድም። ወገብሽ ለምን እንደሚያምሽ ደግሞ ለብቻው ይታይ። ሕመም በማስታገሻ ብቻ እየተሸፈነ ዓመታት መቆየት የለበትም። ለልብ ወይም ለደም ሥር ሐኪም አስፕሪን ያዘዘለት ሌላ አንባቢ ካለ ግን ይህን አንብቦ በራሱ እንዳያቆም፤ ሐኪሙን ይጠይቅ።

አሁን ወደ ምርመራው። «በደም አሁንም አለብሽ አሉኝ» ያልሽው ምናልባት ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። የደም ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነትሽ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ይህ ነገር ደም ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ አምና ፖዘቲቭ የነበረ ሰው ዘንድሮም ፖዘቲቭ ቢሆን አይገርምም። ድኖም ሊሆን ይችላል፣ ሳይድንም። በደም ውጤት ብቻ ሦስት አራት ጊዜ አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ሰዎች አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል፤ ምናልባት ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ባክቴሪያው አልነበረም።

አሁን መኖር አለመኖሩን የሚነግርሽ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ነው። የትንፋሽ ምርመራም አለ፣ ባለበት ቦታ ጥሩ ነው። ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ ጨጓራን ማየት) ከተደረገልሽ ደግሞ ከዚያው ናሙና ተወስዶ ይታያል። የሰገራው በብዙ ከተማ ይገኛል፣ ዋጋውም ከኢንዶስኮፒ ጋር አይወዳደርም። ስትሄጂ «የኤች ፓይሎሪ የሰገራ አንቲጅን» ብለሽ ጠይቂ፤ ተራው የሰገራ ምርመራ አሜባና ጃርዲያ፣ የትል እንቁላል ለማየት ነው እንጂ ይህን አያሳይም።

ምርመራው እንዳይሳሳት ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንቲባዮቲክ ከወሰድሽ ቢያንስ 4 ሳምንት ማለፍ አለበት፤ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን ወይም የእሱ ዘመዶች የሆኑትን እነ ፓንቶፕራዞልን ከወሰድሽ ደግሞ ቢያንስ 2 ሳምንት ማቋረጥ ያስፈልጋል። እነዚህ ባክቴሪያውን ሳይገድሉ ቁጥሩን ያሳንሱታል፣ ምርመራውም «የለም» ብሎ ይዋሽሻል። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ካቃጠለሽ የሚታኘክ ወይም ሽሮፕ አንታሲድ (አሲድ ማብረጃ) ትችያለሽ። ተልባሽንም ትችያለሽ።

ይህ ባክቴሪያ እንዴት አሲድ ውስጥ እንደሚኖር ማወቅ ነጭ ሽንኩርቱ ለምን እንደማይደርስበት ለመረዳት ይጠቅማል። ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚቀይር ኢንዛይም አለው፤ በአሞኒያው ዙሪያውን ያለውን አሲድ ያመክንና በጅራቱ እየዋኘ ከንፍጡ ሽፋን ሥር ይገባል። አብዛኛው ሰው የሚያዘው በልጅነቱ፣ ከቤተሰብ ነው። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ግማሽ ያህሉ ሰው ተሸክሞታል፣ ብዙው ምንም ሳይሰማው ኖሮ ይሞታል። እስከ 1980ዎቹ ድረስ የጨጓራ ቁስል የሚመጣው ከጭንቀትና ከአሲድ ብቻ ነው ይባል ነበር። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ግን በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ በቀናት ውስጥ ታመመ፣ ጨጓራውም ተቆጥቶ በኢንዶስኮፒ ታየ። እሱና ሮቢን ዋረን በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ይህን የማነሳው «ጨጓራ የጭንቀት ነው፣ መድኃኒት አይፈልግም» የሚለው ነገር ዛሬም በየቤቱ ስላለ ነው። ጭንቀት ያባብሳል። ባክቴሪያውን ግን ጭንቀት አላመጣውም፣ መረጋጋትም አያስወጣውም።

ነጭ ሽንኩርት ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በመስታወት ሳህን ላይ፣ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። እውነት ነው፤ ያነበብሽው ከዚያ የመጣ ይሆናል። በሰው ላይ ሲሞከር ግን አላጠፋውም። ሳህኑ ላይ የፈሰሰው ጭማቂ ባክቴሪያውን በቀጥታ ያገኘዋል፤ ጨጓራ ውስጥ ግን በምራቅና በአሲድ ተበርዞ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ አንጀት እየወረደ፣ ከንፍጡ ሥር የተደበቀውን አያገኘውም። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ መዋጥ ደግሞ ለሚያቃጥለው ሰው ራሱ ሌላ ማቃጠያ ነው። ወጥ ውስጥ ብዪው። በባዶ ሆድ ተዪው።

ማሩ ጣፋጭ ነው፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ እዚያ ላይ ያበቃል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፣ በጣትም አታልሱ፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ጥቁር አዝሙድ ከሌሎቹ ትንሽ የተሻለ ነገር አለው። ከኦሜፕራዞል ጋር ተደርጎ በጥቂት ሰዎች ላይ ሲሞከር ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ታይቷል፣ ግን ከተለመደው ሕክምና በታች ነው፣ ጥናቱም ትንሽ ነው። አንቺን በሱ ላይ ተስፋ ጥለሽ ሌላ ዓመት እንድትቆዪ የሚያደርግ አይደለም። ምግብ ላይ ነስንሰሽ፣ ዳቦ ላይ አድርገሽ ብትበዪ ክፋት የለውም። በማንኪያ ሙሉ ዘይቱን መጠጣቱን ግን አልደግፍም፣ በተለይ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው፤ ሁለቱንም የበለጠ ሊያወርድ ይችላል።

ተልባን ግን ወድጄ ነው የምናገርለት። ውሃ ሲነካው የሚወጣው ያ የሚያሙለጨልጭ ነገር የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) ነው። ጨጓራና ጉሮሮ ላይ ለጊዜው ስስ ሽፋን ሆኖ ማቃጠሉን ያበርዳል፣ አንጀት ሲደርስ ደግሞ ውሃ ይዞ ሰገራን ያለሰልሳል። ከ100 ግራም ተልባ ውስጥ 27 ግራም ያህሉ አሰር ነው፣ ይህ ብዙ ነው። ድርቀት ላለበት ሰው ከማውቃቸው የቤት መፍትሔዎች የመጀመሪያው እሱ ነው። አዘገጃጀቱን ለአንቺ መንገር አይጠበቅብኝም፣ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛ፣ ቆልተሽ ስትፈጪው እንዳያርብሽ፤ ያረረ ተልባ ይመራል፣ ዘይቱም ይበላሻል፣ የተፈጨውም ብዙ ቀን ከቆየ ይሻግታል፣ ስለዚህ ለጥቂት ቀን የሚሆንሽን ብቻ ፍጪ። ሁለተኛ፣ ሳይቆላና ሳይፈጭ ሙሉ ፍሬውን ማታ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፈሽ ጠዋት ወፍራሙን ውሃ ብትጠጪ ሆድ ለማብረድ ከተፈጨው የበለጠ የሚያሙለጨልጭ ታገኛለሽ። በቀን ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል።

ጥንቃቄም አለው። ደረቁን ዱቄት ቅመሽ ውሃ በላዩ መጠጣት አይሆንም፣ ጉሮሮ ውስጥ አብጦ ሊያንቅ ይችላል። ውሃ የማይጠጣ ሰው ተልባ ሲያበዛ ድርቀቱ ይብስበታል። ምግብ ለመዋጥ የሚቸገር ሰው ወይም አንጀቱ ተዘግቶ የሚያውቅ ሰው አይጠጣው። እና ለአንቺ ዋናው፦ ተልባ መድኃኒትን ይዞ ያስቀራል። አንቲባዮቲክም ሆነ ሌላ መድኃኒት ስትወስጂ በመካከላቸው 2 ሰዓት ይኑር። መድኃኒቱን በተልባ የሚያወራርዱ ሰዎች አሉ፣ አስበው የሚያደርጉት ጨጓራዬን ይጠብቅልኛል ብለው ነው፤ መድኃኒቱን ግን በገዛ እጃቸው ያደክሙታል።

አብሽም የዚያው ቤተሰብ ሥራ ይሠራል። ዘፍዝፈሽ፣ መራራውን ውሃ ደጋግመሽ ደፍተሽ፣ እስኪነጣና አረፋ እስኪያወጣ መትተሽ ስትጠጪው የሚሟሟ አሰሩ ሆድ ያለሰልሳል። ግን የደም ስኳር ያወርዳል፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው እየለካ ይሁን። እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አይጀምረው። እርጉዝ ከሆንሽም በወጥ ውስጥ ካለው በላይ አብሽ አትጠጪ። ላብሽና ሽንትሽ አብሽ አብሽ ቢሸት አትደንግጪ፣ የተለመደ ነው።

ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ ይረዳል፣ ይህ በደንብ የተጠና ነው፤ ሻይ ውስጥ ትንሽ ቁራጭ በቂ ነው። ለማቃጠል ግን አይደለም፣ አንዳንዱን ቃር ያስነሳበታል። የሆድ መነፋት ካለ የእንስላል ሻይ ብዙ ሰው ይረዳል፣ እኔም ጉዳት አላይበትም። ጤና አዳም በቡና ውስጥ እንደምናደርገው አንድ ቅንጣቢ ሌላ ነው፤ ወቅጦ ጭማቂውን መጠጣት ሌላ። እርጉዝ ሴት ጭማቂውን ፈጽሞ መጠጣት የለባትም፣ ማህፀን ያኮማትራል። እሬት ደግሞ ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር ያለው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ኃይለኛ አስቀማጭ ነው፤ በሆድ ቁርጠትና በውሃ እጥረት የሚያሠቃይ። አሜሪካ በ2002 ይህንኑ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ከሚሸጡ የማስቀመጫ መድኃኒቶች ዝርዝር አውጥታዋለች። ለፊትሽ ቀቢው፣ አትጠጪው።

ወተት? ጠጥተሽ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይበርድሻል፣ ከዚያ ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ጨጓራውን ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጉታል። ሌሊት እየተነሱ ወተት የሚጠጡ ሰዎች ለዚያ ነው ደጋግመው የሚነሱት። ሎሚ በሞቀ ውሃና ኮምጣጤ «ጨጓራን አልካላይ ያደርጋል» የሚለው ደግሞ ከየት እንደመጣ አላውቅም። አሲድ ነው። የቆሰለ ቦታ ላይ አሲድ አትጨምሪ፤ የጥርስሽንም ጠንካራ የላይ ሽፋን ይበላዋል።

ኮሶ።

ኮሶ የሚሠራው ለኮሶ ትል ነው። የደረቀችው ሴቴ አበባ ተወቅጣ፣ ተዘፍዝፋ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ትጠጣለች፤ ትሉን ታደክማለች፣ አንጀቱንም ታጥባለች። ጥሬ ሥጋ በሚበላ ሕዝብ ውስጥ አያቶቻችን ይህን ማግኘታቸው ትልቅ ዕውቀት ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም ከእኛ አገር እያስመጡ ይሸጡት ነበር። ግን ትሉ የሚኖረው ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው፣ ኤች ፓይሎሪ ደግሞ ጨጓራ ውስጥ፤ አንዱ ትል ሌላው ባክቴሪያ። «ሁሉንም ጠርጎ ያወጣል» የሚባለው ስለሚያስቀምጥና ስለሚያስመልስ ነው። የወጣው ምግብሽና ውሃሽ ነው።

አደጋው ቀላል አይደለም። መጠኑ በእፍኝና በዓይን ስለሚለካ፣ አንዱ አበባ ከሌላው ስለሚበረታ፣ የሚያዝለፈልፍ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል፤ ከበዛ የዓይን ነርቭን ይጎዳል፣ ዓይናቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። እርጉዝ ሴትን ያስወርዳል። ቁስል ሊኖርበት የሚችል ጨጓራ ላይ እንዲህ ያለ ትውከት መጥራት ደግሞ ደም መፍሰስን መጥራት ነው። እና አይሆንም፤ ጎረቤትሽን በፍቅር አመስግነሽ እምቢ በይ። ሰገራ ላይ ነጭ ጠፍጣፋ፣ አንዳንዴ የምትንቀሳቀስ ቁራጭ አይተሽ ከሆነ ያ ትል ነው፣ ለሱ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ አለ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ተውጦ ያበቃል።

ስም የሌለው የተቀላቀለ ዱቄት ነገርም ላንሳ፣ በስልክ እየታየ «የጨጓራ ፍቱን» ተብሎ በማሰሮና በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው። ምን እንዳለበት አይታወቅም፣ መጠኑ አይታወቅም። በሌሎች አገሮች የዕፅዋት መድኃኒት ተብለው በተሸጡ ድብልቆች ውስጥ ስቴሮይድና ዲክሎፌናክ ተቀላቅሎ ተገኝቷል። ጠጥቶ በሦስተኛው ቀን ድኛለሁ የሚል ሰው ምን እንደጠጣ አታውቂም። ሻጩ ስንት ዓይነት ዕፅ እንዳለበት ካልነገረሽ አትግዢ። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትሽ ከጠቆረ ጉበትሽ ተነክቶ ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ አቁመሽ ታዪ።

«ኬሚካል ሰለቸኝ» ያልሽው ይገባኛል። አፍን መራራ የሚያደርገው ክላሪትሮማይሲን ወይም ሜትሮኒዳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ነው፣ ያስጠላል፣ እውነት ነው። ግን ተፈጥሮ ደህና፣ ፋብሪካ መርዝ የሚለው ክፍፍል አይሠራም። አሞክሲሲሊን የመጣው ከፔኒሲሊን ነው፣ ፔኒሲሊን ደግሞ በ1928 ሻጋታ ላይ ነው የተገኘው። ኮሶም ከዛፍ ነው። መጠየቅ ያለብን ከየት መጣ ሳይሆን ለምን ይሠራል፣ በስንት መጠን፣ ማንን ይጎዳል የሚለውን ነው።

ያቋረጥሽው ሕክምና ላይ ደግሞ አንድ ጠንከር ያለ ነገር ልበልሽ። በሳምንቱ ሻል ያለሽ ኦሜፕራዞሉ አሲዱን ስለቀነሰው ነው። ባክቴሪያው ገና ሳያልቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን የሚተርፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን የለመደው ነው። ለዚህ ነው 14 ቀን የሚባለው። በተለይ ክላሪትሮማይሲን በከፊል ተወስዶ ከከሸፈ ሁለተኛ ጊዜ ያንኑ መድገም ብዙ ጊዜ አይሠራም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ዲክሎፌናኩን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። ኦሜፕራዞል እየወሰድሽ ከሆነ ለሁለት ሳምንት አቋርጪ፣ ከዚያ የሰገራ አንቲጅን ተመርመሪ። «የለም» ከተባለ አንቲባዮቲክ አያስፈልግሽም፣ የሚያምሽ በዲክሎፌናኩ ወይም በሌላ ነገር ነው፤ ሐኪምሽ ለጥቂት ሳምንታት ኦሜፕራዞል ይሰጥሽና ካልቀነሰ ኢንዶስኮፒና የሐሞት ከረጢት አልትራሳውንድ ይታያል። የሐሞት ጠጠር በሴቶች ላይ በጣም «ጨጓራ» እየተባለ ይኖራል፣ በተለይ ቅባት ከተበላ በኋላ በቀኝ ጎን የሚነሳ ሕመም።

«አለ» ከተባለ ሙሉውን 14 ቀን ትወስጃለሽ። ኦሜፕራዞሉ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ አንቲባዮቲኩ ከምግብ ጋር፣ ተልባው በሁለት ሰዓት ተራርቆ። ሜትሮኒዳዞል ካለበት ጠላም፣ ቢራም፣ አረቄም የለም፣ ካለቀም በኋላ ለ3 ቀን። ፔኒሲሊን ከዚህ በፊት አሳክኮሽ ወይም አሳብጦሽ ከሆነ፣ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ከመጀመርሽ በፊት ተናገሪ። አቅለሸለሸኝ ብለሽ በራስሽ አታቁሚ፣ ያዘዘልሽን ሰው ደውለሽ ጠይቂ። ከጨረስሽ ከ4 ሳምንት በኋላ ደግመሽ ሰገራ ስጪ። ሻል ብሎሽም ቢሆን ስጪ።

በዚህ መካከል ለሆድሽ የቤት ነገር የሚረዳበት ቦታ ሰፊ ነው። በባዶ ሆድ ቡና ተዪ፤ ከቁርስ በኋላ አንድ ስኒ ብትጠጪ አልጣላሽም። በርበሬ ቁስል አያመጣም፣ የቆሰለውን ግን ያቃጥላል፣ ለአንድ ወር አልጫ ብዪ። በጣም የኮመጠጠ እንጀራ የሚያስቸግርሽ ከሆነ እርሾው ገና የሆነውን ምረጪ። የአጃ ሾርባና በሶ ለጠዋት ጥሩ ናቸው። እራት ተበልቶ ወዲያው መተኛት ቃር ያመጣል፣ 3 ሰዓት ያህል ይለፈው፤ ደረትሽ ድረስ የሚያቃጥልሽ ከሆነ የአልጋውን ራስጌ እግሮች 15 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጊ፣ ትራስ መደራረብ ግን ሆድን አጥፎ ያባብሰዋል።

ጾም ላይ ከሆንሽ፣ እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ በዘይት የተጠበሰና በበርበሬ የተቁላላ በአንድ ጊዜ መብላት ነው የሚጎዳው። በለስላሳ ነገር ጀምሪ፣ ጥቂት ቆይተሽ ቀሪውን ብዪ። በሕክምናው 14 ቀን ግን መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ ምግብ ስለሚፈልግ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ለታመመ ሰው መላ አላቸው። ረመዳን ላይ ያለ አንባቢ ደግሞ መድኃኒቱን በሱሁርና በኢፍጣር ማድረግ እንደሚቻል ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር፣ ማፍጠሪያውንም በሳምቡሳ አይጀምር።

የሚከተሉት ካሉ ግን ተልባም ምርመራም ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፦ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ መጥፎ ሽታ ያለው ሰገራ፣ ድንገት የመጣና ሆድን እንደ ሰሌዳ ያደረቀ ሕመም፣ ራስን መሳት። አይረን የምትወስዱ ሰዎች ሰገራችሁ በዚያም ይጠቁራል፣ ግን አያጣብቅም። ሳይፈልጉት መክሳት፣ ምግብ ጉሮሮ ላይ መያዝ፣ የደም ማነስ፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ «ጨጓራ» ካለ ደግሞ ቀጠሮ ይዞ ኢንዶስኮፒ ማድረግ ነው እንጂ መድኃኒት እየቀያየሩ መቆየት አይገባም። ከ40 በላይ የሆነ፣ በተለይ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው፣ ደረት ሥር ተጭኖት ካላበውና ትንፋሽ ካጠረው ያ ልብ ሊሆን ይችላል፤ አንታሲድ ጠጥቶ አይተኛ።

ልጆችሽን በተመለከተ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ልትጨነቂ እንደምትችዪ አስባለሁ። ሕመም የሌለበትን ልጅ ለዚህ ባክቴሪያ አንመረምርም፣ አናክምም። እጃቸውን ከሽንት ቤት መልስና ከምግብ በፊት ይታጠቡ፣ ምግብ አኝከሽ አትስጫቸው። ባልሽ የሚያቃጥለው ከሆነ ይመርመር።

ለቀጠሮው ስትሄጂ የአምናውን ማዘዣ ወረቀት ወይም የመድኃኒቱን ባዶ ሳጥን ፈልገሽ ያዢ፣ ካጣሽው የሸጠልሽን ፋርማሲ ጠይቂ። ሐኪሙ ሁለተኛውን ዙር የሚመርጠው የመጀመሪያውን አውቆ ነው፤ ክላሪትሮማይሲን ከነበረበት ብዙውን ጊዜ ቢስመዝና ቴትራሳይክሊን ወዳለበት አራት መድኃኒት ይሄዳል። የምትወስጃቸውን የቤት መድኃኒቶችም ሳታፍሪ ንገሪው፣ ጥቁር አዝሙዱንም ጭምር።